ኋላው ወደ ችካሉ

ባለቤቴ ዶሪን ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከመኪናው አትወርድም። ባህር የምታየው ከእኔ ጎን ተቀምጣ፣ በፊት መስታወት ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ዳር ያለውን የመኪና ማደሪያ መርጬ፣ አልጋና ምድጃ ያለውን መኪናችንን ፊቱን ወደ ባህሩ አድርጌ አቆምኩ።

የማደሪያው ኃላፊ ሚስተር ሃድስፔዝ እየተንደረደረ መጣ።

"አባት፣ ውሃው ዳር የተተከለው ችካል አይታይዎትም? እዚህ ደንቡ ኋላው ወደ ችካሉ ነው። ያዙሩት!"

"ሚስቴ መራመድ አትችልም። የመጣነው ባህሩን እንድታይ ነው።"

"በኋላ መስኮት ትየዋ!"

"ኋላው ሽንት ቤት ነው።"

"እንግዲያው እዚያው ቁጭ ብላ ትየው።"

በዙሪያው ወንበር ዘርግተው ሻይ የሚጠጡት ሌሎች እንግዶች ሳቁ።

ዶሪን መስኮቱን ዝቅ አደረገች። "ዊልፍ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር አፍ አትካፈት። ንዳው።"

ሁለት ማይል ያህል ሄደን የአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ደረስን። መብራትም ቧንቧም የለውም። ገበሬው እንድናድር ቢፈቅድልንም ፊቱን አልፈታልንም።

"አጥሩን ከፍታችሁ ላሞቼ ከወጡ፣ ዛሬውኑ ነው የማባርራችሁ።"

"መኪናውን ወዴት አዙሬ ላቁም?" አልኩት።

"እኔ ምን አገባኝ!" ብሎኝ ሄደ።

ዶሪን በጣቷ ወደ ባህሩ አመለከተች። ፊቱን ወደዚያ አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁ።