የአደራው ጋዝ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ ፍሪጅ ጠጋኞች ለሊሴን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «የደገፋ ልጅ» ነው የሚሏት። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥጋ ቤቱንም የመጠጥ ቤቱንም ፍሪጅ ሲጠግኑ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ አሮጌ ዕቃ ገጥመው አዲስ ነው ሳይሉ ያለፉ ሰው ናቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፣ ልጅቷም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳ በየወርክሾፑ መዞር ስትጀምር በር ያስከፈተላት ያ ስም ነበር።

ኢንጂነር ፍሰሐም የፈለጋት ለዚሁ ነው። ፍሰሐ አማካሪ ነው፤ ቢሮው ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አገሪቱ ኦዞንን የሚያሳሱ ኬሚካሎችን ከአገልግሎት ለማስወጣት በያዘችው ዕቅድ ውስጥ አንድ ሥራ ተሰጠው። ጠጋኞች «አሥራ ሁለት» የሚሉት የድሮ የፍሪጅ ጋዝ አለ። አምልጦ ሽቅብ ከወጣ ከፀሐይ የሚከልለንን ንጣፍ ይበላል። የፈረንጆቹ 2010 ሲገባ ጋዙ ወደ አገር መግባቱ ያበቃል፤ በየወርክሾፑ የተቀመጠውን ደግሞ የፍሰሐ ቢሮ ሰብስቦ በደንቡ ያስወግዳል ተባለ። መሰብሰቡ የለሊሴ ድርሻ ሆነ።

ጠጋኞቹ እንዲህ በዋዛ የሚሰጡ አልነበሩም። አሥራ ሁለት የለመዱት ጋዝ ነው፣ እንጀራቸውም ነው። ለሊሴ አንዱን ደጅ ሦስትና አራት ጊዜ ተመላለሰችበት። የአባቷ የሥራ ባልደረባ ጋሼ ሀብተሥላሴማ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስጠበቋት። በመጨረሻ ከአልጋቸው ሥር አንድ ሙሉ ሲሊንደር ጎትተው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ይሄን ወስደሽ ምን ታደርጊዋለሽ?» አሏት።

«ወደ ውጭ አገር ይላካል ጋሼ። በኃይለኛ እሳት የሚያቃጥሉበት ፋብሪካ አለ። ወደ አየር ምንም አይወጣም።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። ውሉ ላይ ግን ተጽፏል።»

ሽማግሌው ሲሊንደሩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «እኔና አባትሽ ይሄን ጋዝ ስንቴ ሜዳ ላይ ለቀነዋል። ጉዳቱን የነገረን አልነበረም። አሁን ካወቅሁ በኋላ ግን ብለቀው ነውር ነው። እንኪ፣ ውሰጂው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ በሁለት ወር ውስጥ ከቪላው ጀርባ ያለው መጋዘን አርባ አንድ ሲሊንደር ያዘ። ለሊሴ በእያንዳንዱ አንገት ላይ የባለቤቱን ስም በቀለም ጽፋበታለች። ይህን እንድታደርግ ያዘዛት ሰው የለም፤ የሰው ዕቃ ነው ብላ ነው።

በኅዳር አንድ ሐሙስ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰንጋ ተራ ካለ ሥጋ ቤት አንድ ሲሊንደር ተቀብላ በታክሲ መጣች። የግቢው በር ገርበብ እንዳለ ነው። ገና እግሯን ስታስገባ አንድ ሽታ አፍንጫዋን መታው። የተቃጠለ ጎማ ከኮምጣጤ ጋር የተደባለቀ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ። ሽታውን ታውቀዋለች። አሥራ ሁለት እሳት ሲያገኘው መርዝ እንደሚሆን አባቷ ገና በልጅነቷ ነግረዋታል። ከመጋዘኑ ውስጥ ደግሞ እንደ እባብ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ይሰማል።

የያዘችውን ሲሊንደር ግቢው በር ሥር አስቀምጣ የመጋዘኑን በር በእግሯ በርግዳ ከፈተችው። ዘበኛው ኦቦ ዋቅሹማ መሬት ላይ በክርናቸው ተደግፈው ያስመልሳሉ። አጠገባቸው የከሰል ምድጃ ላይ የምሳቸው ሽሮ ይንተከተካል። ዙሪያቸውን ሲሊንደሮቹ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፤ አንገታቸው ላይ ነጭ በረዶ ተጋግሯል። ለሊሴ ትንፋሿን ይዛ ገባችና ሰውየውን በብብታቸው ጎትታ ወደ ግቢው አወጣቻቸው። ተመልሳ ምድጃውን አውጥታ ውኃ ደፋችበት። ሦስተኛ ስትገባ የሲሊንደሮቹን ቫልቮች አንድ በአንድ ሞከረች። የሚዘጋ ነገር አልቀረም፤ ሁሉም አልቀዋል።

«ምን ሆነው ነው ኦቦ?»

ዋቅሹማ ጺማቸው ላይ የቀረውን ትውከት በእጅጌያቸው ጠረጉ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ቀዝቃዛው ጋዝ ነክቷቸው እንደ ሻማ ነጥተው ደርቀዋል። «ክፈት አሉኝ። ሁሉንም ክፈትና በሩን ዝጋው፣ ድምፁ ለጎረቤት እንዳይሰማ አሉኝ። ምንም አይልም፣ አየር ነው አሉኝ።»

ፍሰሐ የበሩን ድምፅ ሰምቶ ከላይ ወረደ። ምሳውን እየበላ ነበርና ስንጥር በእጁ ይዟል። አፍንጫውን በሶፍት ሸፍኖ ዘበኛውን ከሩቅ አየው።

«ወተት ስጡት፣ ይሻለዋል» አለ።

«እርስዎ ነዎት ያስከፈቱት?» አለችው ለሊሴ።

«ሰኞ ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። በመስከረም ሪፖርታችን ጋዙ ተወግዷል ብለናል። አርባ አንድ ሲሊንደር ሙሉ ሆኖ ቢያገኙት ምን ልበላቸው? ወደ ውጭ የመላኪያ ፈቃድ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ለምን ተወግዷል ብለው ጻፉ?»

«የሪፖርቱ ጊዜ ደርሶ ነበራ።» ስንጥሩን ጥርሱ መሀል ከትቶ አንድ የሥጋ ብጣሽ አወጣ፤ አየት አደረገውና በጣቱ ፈናጥሮ ጣለው። «አሁን እኮ ነገሩ ተስተካከለ፣ ለሊሴ። ጋዙ አለ? የለም። እንግዲህ ሪፖርቱ እውነት ሆነ ማለት ነው።»

ለሊሴ ፊቷን አዙራ ዋቅሹማን ደገፈቻቸውና ታክሲ አስቁማ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። እዚያ ኦክሲጅን ሰጧቸው፣ ጣታቸውን ጠቀለሉላቸው። ሳንባቸው ቀስ እያለ ያገግማል፣ የሁለቱ ጣቶች ነገር ግን አይታወቅም ተባለ። ዋቅሹማ አልጋው ላይ ሆነው የሚጨነቁት ለሌላ ነገር ነበር። «ሥራ ትቼ መጣሁ፤ በሩን ማን ይጠብቃል?» ይላሉ ደጋግመው።

በማግሥቱ ጠዋት ፍሰሐ ለሊሴን ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የመስክ ሪፖርቷ ተተይቦ ቆይቷታል። አርባ አንዱም ሲሊንደር በባለቤቱ ስም ተዘርዝሯል፤ ጋሼ ሀብተሥላሴም አሉበት። ከሥሩ «አካባቢን በማይጎዳ መንገድ ተወግዷል» ይላል፤ ከዚያ በታች ለፊርማዋ ቦታ ተትቷል።

«ይሄን አልፈርምም» አለች።

«ችግር የለም፤ ሌላ ሰው ይፈርማል።» ድምፁ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ይልቅ ሌላ ወረቀት ገፋ አደረገላት። «ይቺን ግን ለዘበኛው አድርሺለት፤ ያለበትን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው። ዋቅሹማ በሥራ ቦታ እሳት በማንደድ ንብረት ለአደጋ ስላጋለጡ ከሥራ ተሰናብተዋል ይላል። ለሊሴ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችለት።

«ራስዎ ይውሰዱላቸው» አለችው። «ጣታቸውንም ያዩላቸዋል።»

ወጥታ ግቢው ቧንቧ ላይ እጇን ታጠበች። ታጥባ ጨርሳ እንደገና ሳሙና አነሳች። መጋዘኑ በር ላይ የማታውቀው ሰው በሲሊንደሮቹ አንገት ላይ የጻፈቻቸውን ስሞች በቤንዚን እየፈተገ ያጠፋል። ቦርሳዋንና ትናንት በሩ ሥር አስቀምጣው የቀረውን ሲሊንደር ይዛ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ግቢ አልረገጠችውም።

በዚያው ቀን የሆነውን በአንድ ገጽ ጽፋ ሥራውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት አስገባች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተም መታችበትና ቅጂውን ሰጠቻት። ሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ የተጠረገ መጋዘንና ቀለም የተቀባ ባዶ ሲሊንደር አይተው ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ስለ ደብዳቤዋ የጠየቃት ሰው የለም።

ማክሰኞ ጋሼ ሀብተሥላሴ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው አንድ የለስላሳ ፍሪጅ ጀርባውን ከፍተው ይሠሩ ነበር። ቆማ፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እስክትጨርስ የሚሰሙ ሳይሆን ሥራቸውን የሚሠሩ ይመስሉ ነበር።

«ዘበኛው ተርፏል?» አሉ በመጨረሻ።

«ተርፈዋል። አንድ ጣታቸውን ግን ቆርጠውታል።»

«ሜዳ ላይ መልቀቁን እኔም እችልበት ነበር እኮ» አሉ፤ መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ያንን ሲሊንደር ለመንግሥት አልሰጠሁም፤ ለዚያ ኢንጂነርም አልሰጠሁም። መልኩንም አላውቀው። ላንቺ ነው የሰጠሁት።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ካወቅሽ ጥሩ።» አይዞሽ አላሏትም፤ እሷም አልጠበቀችም። «አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ለየቤቱ ሄጄ እነግራለሁ። በሰው አፍ ከሚሰሙት እኔ ብነግራቸው ይሻላል።»

«ይሰድቡሻል።»

«ይስደቡኝ።»

«አብዱልፈታህን መጨረሻ አድርጊው። አፉ ክፉ ነው፤ ሦስት ሲሊንደር ነው የሰጠሽ።»

ለሊሴ ግን ወደ ሰንጋ ተራ ወርዳ በአብዱልፈታህ ጀመረች። እሱም ጋሼ ሀብተሥላሴን አላሳፈራቸውም። ደንበኛ ፊት፣ መንገደኛ እየሰማ፣ የአባቷን ስም እየጠራ ሰደባት። ስድቡ አባቷ ላይ ሲደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ነገር ግን ከደጁ ንቅንቅ አላለችም። ተናግሮ ተናግሮ ሲደክመው በሩን ዘጋባት። እሷም ከዝርዝሯ ላይ ቀጣዩን ስም አይታ መንገዱን ተሻገረች።