የማማው ማሰሪያ

ሔርሞን ወደ ሱቁ የገባችው በኦክቶበር አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዘውዴ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ በሚገኝ የአደን ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከተቀጠረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። መደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ የጎማ ጫማ እያስተካከለ ቀና ሲል አያት። የሟች ጓደኛው የፀጋዘአብ ልጅ ናት። ትምህርቷ ኪንግስተን ስለሆነ ከቀብሩ ወዲህ ያያት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የአባቷን ጃኬት ለብሳለች፤ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ስትራፕ ፈልጌ ነበር» አለችው።

«የምን ስትራፕ?»

«የማማ። ዛፍ ላይ የሚያስሩበትን።»

ዘውዴ የያዘውን ጫማ የት እንደሚያኖረው ጠፋው። «ለማን ነው?»

«ለእኔ። የአደን ፈተናውን ፓስ አድርጌ ላይሰንስ አውጥቻለሁ። አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ጫካ አንድ ቀን ልቀመጥ። አንድ ቀን ብቻ። እማዬ አታውቅም፤ እባክዎ እንዳይነግሯት።»

ዘውዴና ፀጋዘአብ የተዋወቁት ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ሱዳን፣ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። ቶሮንቶ የገቡትም በአንድ ክረምት ነበር፤ ሴንት ጄምስ ታውን አንዲት ክፍል ተከራይተው አንድ ፍራሽ ላይ በፈረቃ ተኝተዋል። በኋላ ፀጋዘአብ ትልቅ መኪና መንዳት ጀመረ፣ ጸዮንን አገባ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ገባ። ዘውዴ ሳያገባ ቀረ። እሁድ እሁድ እነሱ ቤት ይበላል። አደኑን ያመጣው ፀጋዘአብ ነው። አብሮት የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከከተማው ሁለት ሰዓት ተኩል ርቆ ያለውን ጫካውን ከፈተላቸው። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ፣ የነቢያት ጾም ሳይያዝ፣ ሦስት ቀን እዚያ ሰንብተው የአጋዘን ሥጋ ይዘው ይመለሱና ለጎረቤት ያካፍላሉ።

ማማ የሚሉት ከመሬት አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዛፍ ላይ የሚሰቀል የብረት መቀመጫና መርገጫ ነው። ከግንዱ ጋር የሚይዘው ማሰሪያው ነው፤ ማሰሪያው ከለቀቀ ሁሉም ይለቃል። ፀጋዘአብን የገደለው ይኸው ነው። አምና በአደኑ ሁለተኛ ቀን፣ ጠዋት፣ ከመሰላሉ ወደ መርገጫው ሊሸጋገር ሲል ማሰሪያው ተበጠሰ። የደኅንነት ቀበቶውን ለብሶ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ላይ ከደረሰ በኋላ ነበር ከዛፉ ጋር የሚያያይዘው። ሌላ ዛፍ ላይ የነበረው ዘውዴ ድምፁን ሰምቶ ቅርንጫፍ የወደቀ መሰለው። ጓደኛውን ያገኘው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ፖሊስ መጥቶ አደጋ ብሎ መዘገበው።

ዘውዴ ልጅቷን ወደ መደርደሪያው ወሰዳት። ለማንም ደንበኛ እንደሚያደርገው አንዱን ማሰሪያ አውጥቶ መዳፏ ላይ ዘረጋላት።

«መጀመሪያ ይቺን ጽሑፍ አንብቢ። የሚችለው ክብደት ነው። የራስሽን ብቻ እንዳትቆጥሪ፤ ልብሱ አለ፣ ጠመንጃው አለ፣ ቦርሳው አለ። ቀጥሎ ጠርዙን በጣትሽ ሂጂበት። ክሩ ከተላጠ፣ ቀለሙ ከነጣ፣ ፀሐይ በልቶታል ማለት ነው፤ አይሆንም። ይሄ ብረቱ ደግሞ ጥርሱ ዝገት ካለው አይነክስም።»

«ለስንት ጊዜ ይሠራል?»

«ክረምት ዛፉ ላይ አትተዪው። ዛፍ ያድጋል፤ ማሰሪያውን እየወጠረ ያደክመዋል። ሽኮኮም ይቀረጥፈዋል። በየዓመቱ አዲስ።»

ከዚህ ቀጥሎ ለደንበኛ ሁሉ የሚናገራት አንዲት ምክር ነበረችው። የጭነት መኪና ማሰሪያ ለማማ አታድርጉ ይላቸዋል። ለሔርሞን ግን አፉ አልከፈት አለው። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዎቹን ጠቀለለ።

«ብቻሽን አትሄጂም። አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በማለዳ በእሷ መኪና ወጡ። ዘውዴ ሱቅ ውስጥ ያቃተውን መንገዱን ሙሉ ሊነግራት ፈለገ። የኦሻዋን ከተማ ካለፉ ጀምሮ «አሁን፣ አሁን» ይላል ለራሱ፤ እሷ ስለ ትምህርቷ ታወራዋለች፣ እሱ «እ» ይላል። እንዲህ እንዳሉ ደረሱ።

ገበሬው አሮጌውን ማማ ጎተራው ውስጥ አስቀምጦ ቆይቷል። ሔርሞን አባቷ የወደቀበትን ዛፍ አልመረጠችም፤ ከሱ ፊት ለፊት የቆመ ቀጥ ያለ የሜፕል ዛፍ አሳየችው። ዘውዴ ግንዱን በመዳፉ መታ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ እንደሌለው አየ። ከዚያ ጎን ለጎን ሠሩ። ማንም ወደ ማማው ሳይወጣ፣ ከግንዱ ላይ እስከ መሬት የሚወርደውንና የሚወድቅን ሰው የሚይዘውን የሕይወት ገመድ አሰሩ፤ ቀበቶዋን እግሯ መሬት ላይ እያለ ከገመዱ ጋር እንድታያይዘው አደረጋት። በመሰላሉ ወጥታ ሁለቱን ማሰሪያዎች ከግንዱ ጀርባ አመሳቅላ አዞረች። ማጥበቂያውን ሳበች፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ጠበቀ። የተረፈውን ጫፍ ቋጠረችው።

«ሳቢው። እንደ ጠላትሽ ሳቢው» አላት። ሳቀች። አባቷን መሰለች።

ስትወርድ፣ መሰላሉ አጋማሽ ላይ ሆና ነው የጠየቀችው።

«ጋሽ ዘውዴ፣ አባዬ ለምንድነው የትራክ ስትራፕ ያሰረው? እርስዎ እኮ ሱቅ ነው የሚሠሩት። በየዓመቱ እርስዎ አልነበሩም የሚያመጡለት?»

ዘውዴ መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ውረጂ፣ ልጄ። መሬት ላይ ሆነሽ ስሚኝ።»

ወረደች።

«አምናም ገዝቼለት ነበር» አላት። «ሱቅ ውስጥ በፌስታል አድርጌ ካውንተር ሥር አስቀመጥኩትና ረስቼው መጣሁ። ትዝ ያለኝ እዚህ ስንደርስ ነው። ቅርብ ያለው ከተማ ሄደን እንግዛ አልኩት፤ ሊመሽ ነው አለኝ። ከፒክአፑ ኋላ የትራክ ማሰሪያ አወጣ። አየሁት። ቀለሙ ነጥቷል፣ ጠርዙ ተልጧል። ‹ይሄ አያስተማምንም› አልኩት። ‹ሃያ ቶን ብረት ይዞ ዊኒፔግ ገብቷል፣ እኔን ያቅተዋል?› ብሎ ሳቀ። እኔም ዝም አልኩ። ስለረሳሁ አፍሬ ነበር። በራሴ ጥፋት እሱን እንዴት ልቆጣ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሔርሞን ቀበቶዋ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ቆማ ታየዋለች።

«ለእማዬ ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።»

«እማዬ እኮ...» አለችና ገመዱን ጨበጠች። «እማዬ ከቀብሩ ቀን ወዲህ መቃብሩ ጋ ሄዳ አታውቅም። አርባው ላይ እንኳን አላለቀሰችም። ‹ሱቅ ሙሉ ስትራፕ ያለው ጓደኛ እያለው ትዕቢቱ ገደለው፤ እኔንም አንቺንም ንቆን ሞተ› ነው የምትለው። ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ ከትታዋለች። ዓመቱን ሙሉ ተቆጥታው ነው የኖረችው! እኔም አምኛት ነበር።»

«አውቃለሁ። ስትለው ሰምቻለሁ።»

«ሰምተው ዝም አሉ?»

ዘውዴ በቤቱም በሥራውም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያለ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ዓይኑን ከልጅቷ አሸሽቶ መሰላሉን አየ።

እሷ ተመልሳ ወጣች። የሳበችውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈታች፤ ከወረደች በኋላ ቀበቶዋን ፈታች፤ ማማውን አውርደው ወደ ጎተራው መለሱት። ዛፍ ላይ ሳትቀመጥ ቀረች። መኪና ውስጥ ሲገቡ «ዛሬውኑ ይነግሯታል» አለችው። ቶሮንቶ ሲደርሱ በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ነዳች።

ጸዮን ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ገና መመለሷ ነበር፤ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆማ ድንች ትልጣለች። ልጇንና ዘውዴን አንድ ላይ ስታይ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምን ሆናችኋል?»

ዘውዴ ሳይቀመጥ ነገራት። ጫካው ውስጥ እንደተናገረው ተናገረ፤ አንዲት ቃል አላሳመረም። ሲጨርስ ጸዮን ወደ አንዱ ወንበር ጠቆመች።

«ካረፈ በኋላ ስንት እሁድ እዚህ ቤት መጣህ?» አለችው።

«ብዙ።»

«እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ። እኔ ባሌን ስሰድብ እየሰማህ። አንድ ቀን ‹ተይ ጸዮን፣ የሞተ ሰው አይሰደብም› ብለኸኛል። ለእሱ አዝነህ መስሎኝ ነበር።»

«ለእሱም አዝኜ ነበር።»

«መርሳትህን አልቆጥርብህም፣ ዘውዴ። ሰው ይረሳል። እኔም እረሳለሁ። ግን ባሌን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት። ሁለተኛውን ያስቀበርከኝ አንተ ነህ።» እጇን በፎጣ ጠረገች። «አሁን ሂድ። ለሙት ዓመቱም እንዳትመጣ።»

«ጸዮን...»

«ሂድ አልኩህ።»

ሔርሞን በሩን ከፈተችለት። ፊቱን ሳታየው መልሳ ዘጋችው።

ሊፍቱን ጠርቶ ሲጠብቅ ሰማት። መጀመሪያ መሳቢያ በኃይል ተከፈተ። ከዚያ የጸዮን ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ። «ፀጌ» አለች። «ፀጌዬ። አፉ በለኝ። አፉ በለኝ፣ ወንድሜ።» ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልወጣው ልቅሶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ያሉ ጎረቤቶች በራቸውን ከፈቱ። አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ «ምን ሆኑ?» ብላ ዘውዴን ጠየቀችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያወቀው ወዳጁ ተለቅሶለታል፤ ገብቶ አብሮ ማልቀስ ግን አይችልም። ሊፍቱ መጣና ባዶውን ተመልሶ ሄደ። እሱ ደረጃውን ይዞ አሥራ አንዱንም ፎቅ በእግሩ ወረደ።

በሙት ዓመቱ ቀን ሱቅ ውስጥ ዋለ። የአደን ወራት ስለነበር ሰው በዝቷል። ከሰዓት በኋላ ከሔርሞን መልእክት ገባለት። «እማዬ መቃብሩ ጋ ሄደች። ሦስት ሰዓት ቆየን። አሁን ደህና ናት» ይላል። ይምጡ አይልም፣ አይምጡም አይልም። ዘውዴ ወደ ዕቃ ማከማቻው ገብቶ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ሊመልስላት ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። ስለ አባቷ ሊነግራት የሚፈልገው ብዙ ነበር። በመጨረሻ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ላከ። ይህ ለማያውቁት ሐዘንተኛ የሚባል ቃል መሆኑ የገባው ከላከው በኋላ ነው።