የእትዬ ሸዋገነት ዕቁብ ድርሻ

አፌ ያመጣብኝን ጣጣ ሁልጊዜ የሚከፍለው እግሬ ነው። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም እስከ 18 ማዞሪያ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ ሌላም መጥቶ ሄደ። ቦርሳዬ ውስጥ የእትዬ ሸዋገነት የዕቁብ ደብተር አለ። አለቃዬ እስከ አራት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥለት አዞኛል።

ጊዜው 1976 ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ወራት ቀርተውታል። የእኔ መሥሪያ ቤት አገሪቱ በዓመት ምን ያህል እንዳመረተች የሚያሰላ ነው። ለአንዱ እርሻ፣ ለሌላው ፋብሪካ ሲደርሰው ለእኔ ባንክና መድን ደረሰኝ። ከጠቅላላው ምርት ድርሻቸው ስንት ነው? ባንክ ጤፍ አያበቅል፣ ጨርቅ አይሸምን፤ ምን አመረተ ይባላል? ደንባችን መልስ አለው። ላበደረው ገንዘብ ከሚቀበለው ወለድ ላይ ለአስቀማጮች የሚከፍለው ይቀነሳል፤ የቀረው የሥራው ዋጋ ነው።

ቁጥሩን አወጣሁና ተናደድኩ። ኮልፌ ተወልጄ ኮልፌ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከሰፈራችን ባንክ ገብቶ የተበደረ አንድ ሰው አላውቅም። ቤት የሚሠራው፣ ልጅ የሚዳረው፣ ሱቅ የሚከፈተው በዕቁብ ነው። እሱ ካልተቆጠረ ምኑን ቆጠርነው?

እትዬ ሸዋገነት ዘንድ ሄድኩ። ማዞሪያው ላይ ቅቤ ይሸጣሉ፤ የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛም እሳቸው ናቸው። ደብተራቸውን ለባላቸው እንኳ አያሳዩም ይባላል፤ እንኳን ለመንግሥት ሰው። ድምሩን እንጂ የማንንም ስም እንደማላወጣ ማልኩላቸው።

“እኛም አገር ሒሳብ ውስጥ ልንገባ ነው?” አሉኝ።

“ትገባላችሁ እንጂ!”

ፊታቸው በራ። “እንግዲያ ውሰጂው። የወሩ መጨረሻ እሑድ ዕጣ ሳይወጣ መልሽ። ስንት እንደሆንን ደግሞ ትነግሪኛለሽ፣ ፀዳለ።”

ሁለት ሳምንት ስደምር ሰነበትኩ። ዓርብ ዕለት አለቃዬ ጓድ ቀለመወርቅ “ይሄ ዕቁብ ምን ይሠራል?” ሲለኝ ጉራዬ ተነሣ። “ምን የማይሠራው አለ! ጎረቤቴ ጣሪያዋን በቆርቆሮ ለወጠችበት፤ ሌላው ሃያ ኩንታል ጤፍ አስገባበት!”

ብዕሩ ቆመ። “ሃያ ኩንታል? በየትኛው ኬላ?”

ወረቀቶቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

“ደብተሩን ነገ ያምጡ። ቁጥሩ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ስለ ጤፉ ደግሞ የሚመለከታቸው ይጠይቁ።”

ያን ሌሊት ዐይኔ አልተከደነም። ደብተሩ ውስጥ በእትዬ ሸዋገነት ጽሑፍ “ገሜዳ፣ ጤፍ 20” የሚል አለ። ያለ ፈቃድ እህል በማስገባት ተይዞ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ገሜዳ ደግሞ የአምስት ልጆች አባት ነው። ገጹን ብቀድደው የዘጠኝ ሰው መዋጮ አብሮ ይጠፋል። ደብተሩን አላመጣም ብል ቤታቸው ድረስ መጥተው ይወስዱታል።

ሦስተኛው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ቆሜ እየሄድኩ ነው ደንቡ ትዝ ያለኝ፤ እንደዚያ የተናደድኩበት ደንብ።

“ጓድ፣ ተሳስቻለሁ” አልኩት ገና ከበሩ። “ዕቁብ ወለድ አይቀበልም፣ ወለድ አይከፍልም። በደንባችን መሠረት ድርሻው ዜሮ ነው።”

“ሁለት ሳምንት የለፉት ለዜሮ ነው?”

“አዎ።”

“ጤፉስ?”

“የሰፈር ወሬ ነው። ሳላጣራ ተናገርኩ።”

የኅትመቱ ቀን ደርሶበታል፤ ደንቡንም ያስተማረኝ ራሱ ነው። የዕቁቡን መስመር ሰረዘው። “ለዜሮ ማስረጃ አያስፈልግም” አለና ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍብኝ አዘዘ።

እሑድ ደብተሩን ይዤ ስገባ ዕቁብተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። እትዬ ሸዋገነት አዲስ ነጠላ ለብሰዋል።

“እሺ፣ ስንት ሆንን?” አሉኝ ሁሉም እንዲሰማ።

እውነቱን እዚያ መሐል እንዴት ልናገር? ወሬው ማክሰኞ ሳይደርስ ቀበሌ ይገባል። “ዜሮ” አልኩ። “ወለድ ስለማትወስዱ... በደንቡ...”

“ዜሮ? ታዲያ የጎረቤትሽን የዙሀራን ጣሪያ ማን ሠራው?”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ገሜዳ ነበር፤ ትንሿ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። “ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ተምራ ዜሮ!”

እትዬ ሸዋገነት ብቻ አልሳቁም። ደብተሩን ተቀብለው በጨርቅ ጠቀለሉትና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያ ነው የቆረቆረኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ገሜዳ ግን አሁንም ይስቃል። ይሳቅ አልኩ በልቤ። ከነልጆቹ፣ እዚሁ ኮልፌ ቁጭ ብሎ ይሳቅብኝ።