የቀፀላ ግራ ፊት

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ገና ዓይኔን አልገለጥኩም። ቧንቧው ነው ብዬ ተገላበጥኩ፤ ግን ቧንቧው ውሃ ካየ ሁለት ቀን ሆኖታል። ድምፁ የሚመጣው ከመጋረጃው ወዲያ፣ አክስቴ እሙሽና አብራን የምትኖረው ቀፀላ ከሚተኙበት በኩል ነው። ብርጭቆ ወደቀ። «እሙሽዬ፣ አፌ...» አለች ቀፀላ፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ተንሸራተተ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። የጠጣችው ውሃ በግራ ከንፈሯ ጫፍ እየወረደ ትሪው ላይ ይንጠባጠባል። ግራ ቅንድቧ ወርዷል፣ ጉንጯ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኗ ፈጥጦ አልከደን ብሏል። ቀኝ ፊቷ ግን ደንግጦ ያለቅሳል። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ሰው አየሁ።

«ምች ነው» አለች እሙሽ። ትንሽ አሰበችና «የለም፣ የሰይጣን ጥፊ ነው» ብላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ጉንጭ አጮለችው፤ በመጣበት እንዲመለስ።

«እሙሽ! ደህናውንም ልታጣምሚው ነው?»

«ዝም በል አንተ ሕዝቅኤል! ከግድግዳ ጋር ስታወራ የኖርክ፣ ስለ ሰው ፊት ምን ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። በዚህ በዓረብ አገር፣ ካራንቲና በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር እውላለሁ፤ ማታ እዚሁ መጥቼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። የሰው ፊት ትክ ብዬ አይቼ አላውቅም።

እሙሽ መስታወቱን በሻሿ ሸፈነችው። «የተጣመመ ፊቱን በመስታወት ያየ እንደተጣመመ ይቀራል።» ቀፀላም ካልዳንኩ አላየውም ብላ ማለች።

ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ወዲህ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ሆስፒታል ለእሷ ፖሊስ ጣቢያ ማለት ነው። ወረቀት ወደማይጠይቅ አንድ የድሆች ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ዶክቶራ ሱአድ በዓረብኛ «ቅንድብሽን አንሺ» አለቻት፤ ተረጎምኩላት። ቀኙ ተነሳ። ግራው ግንባር እንደተተኮሰ አንሶላ ለጥ እንዳለ ቀረ። እጆቿን አስነሳቻት፣ አስኬደቻት።

«ግንባሯም አብሮ ተኝቷል፣ እጅ እግሯ ደህና ነው፤ ስለዚህ የአንጎል አይመስለኝም» አለች። «የፊት ነርቭ ነው። ያኒ፣ ማለቴ እንደ ክር የቀጠነ ነገር፣ ከጆሮ ኋላ በአጥንት ቀዳዳ ያልፋል። ሲያብጥ ቀዳዳው ይጠበዋል።»

«ይመለሳል?»

«የብዙዎቹ ይመለሳል፤ በሳምንታትም በወራትም። እኔ የምፈራው ለዓይኗ ነው። ካልተከደነ ይደርቃል፣ ይቆስላል። ቀን ቀን ይህን ጠብታ ደጋግሙላት። ስትተኛ ቅባቱን፣ ከዚያ ሽፋሽፍቱን በደንብ ከድናችሁ በፕላስተር። ኪኒኑን ዛሬውኑ ትጀምር። ጉንጯን በጣት ቀስ አድርጋችሁ እሹ። ደግሞ መስታወት ፊት ተቀምጣ ፊቷን ታንቀሳቅስ፣ ሳታስገድድ።»

«መስታወት አላይም» አለች ቀፀላ በአማርኛ። አልተረጎምኩትም።

ስለዚህ መስታወቷ እኔ ሆንኩ።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ጉልበት ለጉልበት እንቀመጣለን። ከእሷ ግራ ትይዩ የእኔ ቀኝ ነው። ቅንድቤን አነሳለሁ፤ ትከተለኛለች። ጉንጬን እነፋለሁ፤ የእሷ በግራ በኩል ይተነፍሳል።

«ባቡር በይ።»

«ፋፉር።»

«ጳጳስ።»

«ፋፋስ።»

«ጳጳሱ ቢሰሙሽ ያወግዙሽ ነበር!» ትላለች እሙሽ ከምድጃው አጠገብ። ቀፀላ ትስቃለች፤ ሳቋ ሁሉ ወደ ቀኝ ይሰደዳል። ስትበላ ጉርሻው ግራ ጉንጯ ውስጥ ተሸጉጦ ይቀርና በጣቷ ታወጣዋለች።

«አትየኝ።»

«መስታወት ዓይኑን አይጨፍንም» አልኳት።

«እንግዲያው እንዳትዋሸኝ። በዚህ ፊት ቤታቸውን የማጸዳላቸው የሐምራ ሰፈር ማዳሞች በር አይከፍቱልኝም፤ ኸላስ፣ አበቃ፣ እኔ ራሴም አልከፍትልኝም። ምን አየህ ዛሬ?»

«ምንም።»

ግን አንድ ነገር አይ ነበር። ዓይንሽን ጨፍኚ ስላት ሽፋሽፍቱ አይወርድም፤ ብሌኑ ግን ማንም ሳያዘው ወደ ላይ ሸሽቶ ይደበቃል፣ ነጩ ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ ፈራሁት። በኋላ ገባኝ፦ በሩ አልዘጋ ሲል ባለቤቱ ጓዳ ይገባል። ይህን ማን አስተማረው? መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸክሜ ቆሜ የራሴ ዓይን ስንቴ እንደሚርገበገብ ስቆጥር ዋልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላመሰግነው ሲከደንልኝ ኖሯል።

ፊቷ የተመለሰ ቀን መስታወት እንጂ እኔን እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠብታውን አንድም ጊዜ አልረሳሁም።

በሃያ አራተኛው ቀን፣ ከግራ ከንፈሯ ጫፍ ከፍ ብሎ አንድ ነገር ተላወሰ። ዓሣ ከሥር ሲያልፍ የውሃው ገጽ እንደሚነቃነቅ፣ እንዲያ።

«ምን አየህ?»

 ቦታውን በጣቴ ነካሁት። «እዚህ» አልኩ። «ድገሚው።»

ደገመችው። እሙሽ ማንኪያዋን ይዛ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ አማተበች። ስለ ጫማው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ ጉንጯ፣ ከዚያ ቅንድቧ ተመለሰ። ሽፋሽፍቱ ቆየ፤ በየሳምንቱ ትንሽ፣ ትንሽ እየወረደ። ፋፉር ባቡር ሆነ።

አንድ እሁድ ጠዋት ቀፀላ ውሃ ስትጠጣ ጆሮዬን ጣልኩ። ትሪው ላይ ምንም ጠብ አላለም። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳችና ሻሹን ከመስታወቱ ላይ ገፈፈችው። ቆማ አየች። ሁለት ዓይኖቿን እኩል ጨፈነች፤ እኩል ገለጠች።

ዞራ እኔን አየችኝ። ሳላስበው ቀኝ ቅንድቤን አነሳሁ። የእሷ አልተከተለኝም።

ቦርሳዋን ከምስማሩ ላይ አወረደች።

«ያለ ቁርስ ወዴት ነው?» አለች እሙሽ።

«ሐምራ፣ በር ላንኳኳ» አለች ቀፀላ። ሻሹን በአራት አጥፋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ በሩን ከፍታም ወጣች።