የሚዋጥ እሳት

ደግሞ ጠረጉት፣ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፣ ንጹሕ ሰው የብዕሩን ጫፍ በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አይጠርግም፣ ወይስ ይጠርጋል፣ ረዳቴ ኩሪሃራ ሳን ሠላሳ ዓመት በሰው የሥዕል ታሪክ ላይ የኒንጃ እሳት ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ምናልባት ሁልጊዜም እንዲህ ይጠርጉ ነበር፣ እኔ ነኝ ሳላይ የኖርኩት፣ ጠረጴዛችን ተጋጥሟል፣ ፊት ለፊቴ ናቸው፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ምን ያስባሉ?

ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት፣ አዘጋጁ ሳካኪ በአሥራ አንድ መጥቶ ገጾቹን ይወስዳል። ስሜን ጠርቶ፣ ኢሶቤ፣ አንባቢው ድምፅ ሲሰጥ ከሃያ ታሪክ አሥራ ስምንተኛ ወጥተሻል፣ ይሄ ምዕራፍ ካላዳነሽ ታሪክሽ ይቆረጣል፣ ብሎኛል፣ ሲለኝ የሩዝ ኳሱን እያላመጠ ነበር፣ ሰው እያላመጠ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል።

የሚያድነኝ አንድ ነገር ነው። በየማንጋው፣ በየሥዕል ታሪክ መጽሔቱ፣ ያሉት የእሳት ኒንጃዎች በሙሉ ጣታቸውን ያቆላልፋሉ፣ ደረታቸውን ይነፋሉ፣ ከዚያ እሳት ይተፋሉ፣ ሁሉም ይተፋሉ፣ የእኔ ኡጹጊ ግን ይውጣል፣ መንደሩ ሲቃጠል አፉን ከፍቶ እሳቱን ከየጣራው ስቦ ይውጠዋል፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ የብልሃቱ ስም አንድ ጉንጭ ነው፣ አምስት ዓመት በልቤ ይዤው ኖሬአለሁ። ንድፉን ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሳካኪና እኚህ ሽማግሌ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ባቡር ውስጥ የተፎካካሪያችን መጽሔት ማስታወቂያ፣ አንድ ሥዕል ብቻ፣ አፉን የከፈተ ኒንጃ፣ ከአፉ እስከ ግንቡ የተዘረጋ እሳት፣ ታይቶ የማይታወቅ ብልሃት፣ ዓርብ ይጠብቁን። ማን ነገራቸው፣ ሳካኪ አይሆንም፣ እኔ ከወደቅኩ እሱም አብሮኝ ይወድቃል፣ ኩሪሃራ ሳን ግን ባለፈው ወር ከሚዞጉቺ ጋር ሲጠጡ አምሽተዋል፣ ሚዞጉቺ እዚያ መጽሔት ነው የሚስለው፣ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እየሳቁ፣ ደራሲዋ ስለሆንኩ መምህር ነው የሚሉኝ፣ የድሮ ጓደኛዬ ነው መምህር፣ ጠጉሩ አልቋል ምላሱ ግን አላለቀም፣ አሉኝ። ምላሱ! በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ፣ ይኸው አብሬ ስውል።

ወጥመድ አጠመድኩ። ታሪኩ ተቀይሯል ኩሪሃራ ሳን፣ ኡጹጊ እሳቱን ከጥላው ነው የሚያወጣው፣ ብዬ አራት የውሸት ገጽ ሰጠኋቸው፣ የጥላ እሳት ሌላ ቦታ ብቅ ካለ ሌባው ታወቀ ማለት ነው፣ እሺ መምህር አሉ፣ አንድም ጥያቄ የለ፣ ለምን አይጠይቁም፣ የማያውቅ ሰው እኮ ይጠይቃል። እውነተኞቹን አራት ገጾች ቤቴ ደብቄ ራሴ ሳልኩ፣ እሳቱንም ጭምር፣ እኔ እሳት ስዬ የማላውቀው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እሳት የእሳቸው ሥራ ነው፣ የእኔ ነበልባል ጎመን ይመስላል። ይምሰል፣ የራሴ ጎመን ነው።

በሩ ተከፈተ። ሳካኪ፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት፣ ላቡን እየጠረገ የተፎካካሪያችንን መጽሔት ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል፣ ይኸው የፈራሽው ጉድሽ፣ እይው ይላል፣ እገልጣለሁ፣ ኒንጃው ጣቱን ያቆላልፋል፣ ደረቱን ይነፋል፣ እና ይተፋል። ይተፋል! እንደ ሁሉም፣ ግንቡ ይነዳል፣ የማስታወቂያው ሥዕል ያው ራሱ ነው፣ ከመሀል ቆርጠው ነው የለጠፉት፣ ሲውጥ ያየሁት እኔ ነኝ።

ኩሪሃራ ሳን አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያያሉ፣ ለቅጽበት። የሚወጣ እሳት ነው ይላሉ፣ መስመሩን ይዩት መምህር፣ አፉ ጋ ወፍሮ ግንቡ ጋ ይቀጥናል፣ ብዕሩ ከአፍ ነው የተነሳው፣ የሚዋጥ ቢሆን ከግንቡ ጀምሮ ጉሮሮው ጋ በቀጠነ ነበር፣ የሚዞጉቺ እጅ ነው፣ እሱ ብዕር ሲጫን አያድርስ፣ ይላሉ፣ ሳካኪ ይስቃል።

ሰኞ ዕለት ማስታወቂያውን እኔው ባሳያቸው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፣ የእኔ ገጾች፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያሉት፣ ብዕሩን ከየት ነበር የማነሳው፣ ከአፉ፣ ሁሌ ከአፉ፣ በአራቱም ገጽ፣ ኡጹጊ መንደሩን እያዳነ አይደለም፣ እያቃጠለው ነው፣ የቀረኝ ሁለት ሰዓት ነው፣ ይህን ማቃናት የሚችል እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሰበብ ልፍጠር፣ ጠፍተው ተገኙ ልበል፣ አልችልም። ኩሪሃራ ሳን፣ እላለሁ፣ ገጾቹን እፊታቸው እዘረጋለሁ፣ የሰጠሁዎት የውሸት ነበር፣ እርስዎን ጠርጥሬ ነው፣ ሳካኪ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ እሳቸው አውቄአለሁ ይላሉ፣ ግርጌያቸው ላይ የገጽ ቁጥር አልጻፉባቸውም፣ ለኅትመት የሚሄድ ገጽ ያለ ቁጥር አይሰጠኝም። ታዲያ ለምን ሳሉት፣ እላለሁ፣ ያውም እንዲህ አሳምረው? እሳቱ ምን በደለ፣ ይላሉ።

ነጩን ቀለም ያቀብሉኝ፣ ይሉኛል። ጎመኔን ይደመስሱታል፣ ብዕሩን ከጣራው ያነሳሉ፣ ወፍራም፣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ወደ አፉ፣ እሳቱ ዓይኔ እያየ ይዞራል፣ ኡጹጊ መጠጣት ይጀምራል፣ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ሌባ ያልኩት፣ አፈርኩ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል፣ ይቅርታ ኩሪሃራ ሳን፣ ይቅርታ፣ እንዳይነኩት አልደረቀም ይላሉ፣ ሰኞ አልመጣም። ምን አሉኝ? አራቱን ዛሬ እጨርስልዎታለሁ መምህር፣ ከሰኞ ጀምሮ ግን አልመጣም፣ ብዕራቸው አልቆመም፣ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፣ ስድስት ዓመት፣ ሰኞ ታዲያ የት ሊሄዱ ነው፣ እንዲህ በእርጋታ የሚናገር ሰው ቀድሞ የተዘጋጀበት ነው፣ ከማን ጋር ተነጋግረው ነው፣ ሚዞጉቺ ጋ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ፣

አየሽ ኢሶቤ። አሁንም ትጠረጥሪያለሽ።