ደረቅ አሸዋ ላይ ያወጣው

ድሪከስ ስቴንካምፕ ሲናገር ባሕሩም ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ይመስለዋል። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነዋ! በናሚቢያዋ የባሕር ዳር ከተማ በሄንቲስ ቤይ ስድስት ዓመት ሙሉ የዳርቻ ሹም ሆኖ፣ ማን የት ቆሞ እንደሚያጠምድ ሲደለድል ኖሯል። ካቤልዩ የሚባለው ትልቁ ዓሣ የሚመላለስበትን የባሕር ውስጥ ጉድጓድ ለራሱ፤ መንጠቆ እየበላ የሚያስቀረውን ቋጥኝ ለሥጋ ሻጩ ለሩዲገር። ለገዛ ሚስቱ ለማግሪታ ደግሞ የመንጠቆ ማባበያ የሚሆነው ሳርዲን የሚከተፍበትን ጣውላ።

ሹመቱን የሚወስደው በዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ትልቁን ዓሣ ያወጣ ነው። አምና ትልቁን የያዘው ሩዲገር ነበር፤ ያዘ እንጂ አላወጣም። ውሃው ጠርዝ ላይ ክሩ ቢበጠስበት፣ ድሪከስ ሆዬ ተንደርድሮ ዓሣውን አፈፍ አድርጎ ወጣ። ከዚያም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ “ዓሣ የሚቆጠረው ደረቅ አሸዋ ላይ ላወጣው ተወዳዳሪ ነው” የሚል ደንብ መዝገቡ ላይ አስጻፈ። ሩዲገር ከዚያን ቀን ወዲህ ቋሊማ አይሸጥለትም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠመመ። ሚዛን ያዡ ፊሌሞን እኩለ ቀን ላይ የፒክአፑን ጡሩምባ ሲነፋ ውድድሩ ያበቃል፤ ጉሙ ተገፎ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራት፤ ድሪከስ ግን ባዶ እጁን ነው። ሩዲገር ከዚያ ከተረገመ ቋጥኝ ላይ ሆኖ እንኳ የስምንት ኪሎ ዓሣ አውጥቷል። ሹመቱ ከሄደ ነገ ቋጥኙ ላይ የሚሰቀለው ማን እንደሆነ ድሪከስ አሳምሮ ያውቃል።

ያውም ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ተክሎ! ደንቡ ለአንድ ሰው አንድ ዘንግ ነው የሚለው። እሱ ግን በየዓመቱ ማግሪታን ተወዳዳሪ ብሎ ያስመዘግብና በስሟ ሁለተኛውን ይተክላል። አስነክቷት ግን አያውቅም። አንዴ፣ “እስቲ እኔም ልሞክር” ብትለው፣ “ሳርዲኑን ቀጥ አድርገሽ ክተፊ፤ የተጨፈለቀ አልወድም” ነበር መልሱ።

ዓሣ ቢጠፋም ትምህርቱ አልቆመም።

“ዓሣው ሲነካካ አትንጠቁ!” ይላል ለቆመው ሁሉ። “ይዞ ይሂድ፤ ክሩ ሲከብድ ብቻ ጠቅልሉ። ማዕበሉ ሲመጣ እየጠቀለላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ውሃው ሲመለስ ልቀቁለት። ዓሣውን ተሸክሞ የሚያመጣላችሁ ውሃው ነው፣ አትታገሉት!”

“ዳይሬክተር!” አለ ሩዲገር ከወዲያ ቋንጣውን እያኘከ፣ “ዓሣዎቹም ትምህርቱን ሰምተው ነው መሰል፣ አንዱም ዝር አላለም እኮ!”

ዳርቻው በሳቅ አውካካ። ድሪከስ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ዘንጉ ጎበጠ።

እውነቱን እንናገር፣ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። አልነጠቀም። ዓሣው ይዞ ሲሄድ ጠበቀው፣ ክሩ ሲከብድ ጠቀለለ፣ ማዕበሉ ሲገፋ እያፈገፈገ ሳበ፣ ውሃው ሲመለስ ለቀቀ። እንደዚያ እያለ እስከ መጨረሻው ማዕበል አመጣው። የዓሣው ጎን በአረፋው መሃል እንደ መዳብ ትሪ ብልጭ ሲል ሰዉ ሁሉ “ወይ ጉድ!” አለ። ፊሌሞን አንድ እጁን ጡሩምባው ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል።

“ሁለት ደቂቃ!” ብሎ ጮኸ።

“ምኑን ዓሣ አላችሁት?” አለ ሩዲገር። “የባሕር ሣር ነው የሚጎትተው!”

የድሪከስ ደም ፈላ። ውሃው ተመልሶ ወደ ባሕሩ እየሸሸ ነበር፤ እሱ ግን እግሩን ተክሎ መጎተት ጀመረ።

“ኧረ ልቀቅለት!” አለች ማግሪታ ቢላዋዋን እንደያዘች። “ውሃው እየተመለሰ ነው!”

“አንቺ ሳርዲንሽን ክተፊ!”

ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። የዳርቻው ሹም በቂጡ ዘፍ አለ።

ዓሣው ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ በጎኑ ተገለበጠ። ማግሪታ ቢላዋዋን ጥላ፣ ሽርጧን እንዳገለደመች ሮጣ ላዩ ላይ ወደቀችበት። ግን አልጎተተችም። አቅፋው ጠበቀች። ቀጣዩ ማዕበል ሲመጣ ሁለቱንም አንስቶ ወደ ላይ ገፋቸው፤ እሷም ከውሃው ጋር በጉልበቷ እየዳኸች ዓሣዋን ደረቅ አሸዋ ላይ አሳረፈችው። ጡሩምባው ተነፋ።

“ጎበዝ የኔ ሚስት!” አለ ድሪከስ አሸዋውን እያራገፈ። “ፊሌሞን፣ ስቴንካምፕ ብለህ መዝግብ!”

“የትኛው ስቴንካምፕ?” አለ ፊሌሞን።

“እኔ ነኛ! የያዝኩት እኔ፣ ዘንጉ የኔ!”

ፊሌሞን መዝገቡን ገልጦ የአምናውን ደንብ ጮክ ብሎ አነበበ።

“እሷ ተወዳዳሪ አይደለችም!”

“ስማቸው ይኸው፣ ጋሽ ድሪከስ። በየዓመቱ የሚያስመዘግቧቸው እርስዎ ነዎት። ፊርማዎም ይኸው።”

ዓሣው ሃያ ሁለት ኪሎ መዘነ። ሩዲገር ሹመቱ እሱንም እንዳለፈው ረስቶ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አዲስ ሹም ቦታ የሚደለድለው እዚያው በቆመበት ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ ማግሪታ ዞረ። እሷም የራሰ ሽርጧን እየጨመቀች በአገጯ ወደ ባሕሩ ጠቆመች።

“ጉድጓዱ የኔ ነው” አለች። “ሩዲገር፣ አንተ ከጉድጓዱ በስተግራ ቁም።”

“እኔስ?” አለ ድሪከስ። ቋጥኙን በዓይኑ ቂጥ እያየ ነበር።

ማግሪታ ቢላዋዋን ከአሸዋው አነሳች፣ በሽርጧ ጠረገችና እጀታውን ወደ እሱ አድርጋ ሰጠችው።

“ቀጥ አድርገህ ክተፍ” አለችው። “የተጨፈለቀ አልወድም።”