የባለጆሮው ካቻቢቴ

ባለጆሮው ይሉታል። የከባድ መኪና ሞተር ምን እንደነካው ከድምፁ ለይቶ የሚያውቅ መካኒክ ነውና ስሙ ያንሰው እንደሆነ እንጂ አይበዛበትም። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያሳርፋል፤ ዓይኑን ከጨፈነ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ፈትታ፣ ለክታ፣ መልሳ የምትገጥመው ሚስቱ ናት። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ኖረዋል።

ጆሮው ከከዳው ሁለት ዓመት ሆነው። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቤት ውስጥ እየጮኸች ስታወራው፣ «ምን ያስጮህሻል? ደንቆሮ ያገባሽ መሰለሽ?» ብሎ ይቆጣል። ስም ከመቃብር በላይ ነው ባይ ነው፤ ነገሩ ከታወቀ ሞተር የሚያመጣለት አይኖርም። ያለ ሞተር ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰቡ ያስፈራታል።

አንድ ጠዋት አንድ ሾፌር አሮጌ የጭነት መኪናውን እያስጓራ ገባ።

«ጋሼ፣ ጭነት ሲይዝ ከሆዱ ያንኳኳል። ሌላ ጋራዥ ሞተሩ አልቆለታል፣ ጣለው አሉኝ። እርስዎ ካላዳኑልኝ ቆሜ ቀረሁ።»

እሷ የነዳጁን ገመድ ሳብ ለቀቅ ስታደርግ ባለጆሮው ካቻቢቴውን ከአንደኛው ሲሊንደር እስከ ስድስተኛው አዞረ። ደገመ። ሠለሰ። ዓይኑ አልተጨፈነም። ሾፌሩ እጁን አጣጥፎ ያየዋል። እሷ ማንኳኳቱን ትሰማለች፣ ከስድስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ግን የእሱ ጸጋ እንጂ የእሷ አይደለም። «ሁሉንም ፈትቼ ልያቸው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ባሏ እጀታውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ በጥርሱ ነከሰው።

«ጋሼ፣ ቁርስ አልበሉም እንዴ?» ሾፌሩ ሳቀ።

ጫፉን ከሲሊንደር ሲሊንደር እያዞረ፣ ማንኳኳቱ በጥርሱ አልፎ ራሱ ውስጥ ሲሰማው ባለጆሮው ዓይኑን ጨፈነ። አራት ጣቱን አነሣ።

ከመኪናው ሥር ገብታ ዘይቱን አፈሰሰችው፤ የመዳብ ብናኝ ያብለጨልጭበታል። አራተኛውን ፈታች። ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ብሮንዚና ተበልቶ ተበልቶ መዳቡ ፈጧል። ዘንጉን በጥፍሯ ዳበሰችው፤ ለስላሳ ነው።

«ሞተሩ አይጣልም!» ብላ ከሥር ጮኸች። «አንተ ልጅ፣ ዘይት የቀየርከው መቼ ነው?»

ሾፌሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ብሮንዚናዎቹን በሙሉ በአዲስ ተካች፣ ክፍተታቸውን ለካች፣ አጠበቀች። በማግስቱ ሞተሩ ሲነሣ ማንኳኳቱ ጠፍቷል። ሾፌሩ አመስግኖ አልጠግብ ብሎ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ።

ያን ጊዜ ባሏ ፊት ቆመች። «ጆሮህ እንደሄደ አውቃለሁ!» ብላ ጮኸች።

አልተቆጣም። «እንደምታውቂ አውቃለሁ» አለ። «አፍሬ ነው።»

አንጀቷን በላው። እሱ ግን የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ አገጯ ላይ አስደገፈላት።

«እስቲ ተናገሪ። ቀስ ብለሽ። ጩኸትሽ ሰልችቶኛል፤ የናፈቀኝ ድምፅሽ ነው።»

እጀታውን ነከሰ። እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ እንደ ሙሽርነቷ ጊዜ ዝግ አድርጋ ተናገረች፦

«አንተ ሽማግሌ፣ አፍህን ግሪስ በግሪስ አደረግኸው እኮ።»

ዓይኑን ጨፈነ።